ወደ ኋላ የሚሄደው መርፌ

እናንተዬ፣ ሰው በሕይወቱ አንድ ዕቃ ሳይነካ ቢያልፍ ምን ይጎድልበታል? ምንም። ይህን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። በልጅነቴ እጄ አርፎ አያውቅም። አባቴ ከሸዋ ለሥራ መጥተው ነቀምቴ የቀሩ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ እጅግ የሚወዷት አንዲት የግድግዳ ሰዓት ነበረቻቸው። አሥር ዓመት ሳይሞላኝ ፈታታኋት። መልሼ ስገጥማት አራት ብሎን ተረፈኝ። ሰዓቷ ግን እንደ ድሮዋ መሥራቷን ቀጠለች፤ እኔም ብሎኖቹ ከመጀመሪያውም ትርፍ ነበሩ ብዬ ደመደምሁ። ያኔ ሰዓቷ ቆማ፣ አባቴም በአለንጋ መክረውኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የማወጋችሁ ነገር አይኖረኝም ነበር።

ካደግሁ በኋላ በፖስታ የሚላክ የሬዲዮ ጥገና ትምህርት ጀመርሁ። ትምህርቱ ዐሥራ ሁለት ደብተር ነበረው፤ እኔ ሰባተኛው ላይ ቆሜአለሁ። ያቆመኝ ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ ያቆመኝ ዝና ነው። በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ውስጥ ሬዲዮ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ከእነዚያ አንዱ፣ ስማቸውን የማላነሣው ትልቅ ሰው፣ ሬዲዮናቸው ድንገት ጸጥ አለባቸውና አስጠሩኝ። ከፍቼ ባየው ከባትሪው የሚመጣው ሽቦ ወልቋል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ወዲያው ብሰካው «ይህንንማ ዘበኛዬም ይሰካዋል» ማለታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ካቻቢቴዬን አውጥቼ፣ ግንባሬን ቋጥሬ፣ አንዴ እያቃሰትሁ አንዴ አንገቴን እየነቀነቅሁ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆየሁ። ሬዲዮው ሲናገር ሰውዬው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ተባረክ፣ አንተ ልጅ አዋቂ ነህ» አሉኝ። ክፋቱ እኔም አመንኋቸው። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች የተባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ ዝና ነው በከተማው ዳር ከነበረ አንድ የሚሲዮን ግቢ ሥራ ያገኘሁት። ግቢው ውስጥ ድምፅ የሚቀዳባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ግድግዳዋ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ በጣሪያዋ ላይ የገለባ ፍራሽ ተወጥሯል፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቷ አይጣል ነው። እዚያ ስብከትና መዝሙር በቴፕ ክር እየቀዳን በየአገሩ ላሉ አብያተ ክርስቲያናት እንልክ ነበር። ሠራተኞቹ ሦስት ነን፤ አለቃችን ፈረንጁ፣ ከነቀምቴ አጠገብ ካለችው ከዲጋ የመጣው ቶሎሳና እኔ። ቶሎሳ ኦሮምኛም አማርኛም እንግሊዝኛም የሚያውቅ፣ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ነው። የእኔ ሥራ ቴፑን ማስነሣትና ማቆም ነበር። ይህንንም አንዳንድ ቀን እሳሳተዋለሁ።

ከፈረንጁ ወንበር ፊት ለፊት አንድ ግራጫ ሣጥን ነበር። ከማይክሮፎኑ የሚመጣው ድምፅ ደካማ ስለሆነ መጀመሪያ በዚህ ሣጥን ውስጥ ያልፍና ጉልበት ያገኛል፤ ከዚያ ወደ ቴፑ ይሄዳል። ፊቱ ላይ ሁለት ማዞሪያና አንዲት ትንሽ መስታወት አለች፤ በመስታወቷ ውስጥ ቀጭን መርፌ ትታያለች። ፈረንጁ ለሁለት ወር ወደ አገሩ ለዕረፍት ሲሄድ ሣጥኑን በጣቱ አመለከተኝና በዚያች በሚያውቃት ጥቂት አማርኛ «አትንካ» አለኝ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ «አትንካ» አለኝ። መኪናው ውስጥ ከገባም በኋላ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ጣቱን ወዘወዘብኝ። የመሣሪያው መጽሐፍ ከሣጥኑ ሥር ነበረ፤ የተጻፈው ግን ቶሎሳም በማያውቀው በእርሱ አገር ቋንቋ ስለሆነ ለእኔ የሚጠቅመኝ ሥዕሉ ብቻ ነው። የመኪናው አቧራ ሳይበተን ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁበት። ወንበር ክፉ ነገር ነው፤ የተቀመጠበት ሁሉ አለቃ የሆነ ይመስለዋል።

ኦቦ ገለታ በበቅሎ ከዲጋ የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው፤ ቶሎሳ ጎረቤታቸው ሆኖ ነው ያደገው። ሰላምታውን በኦሮምኛ ጀምረው የከብቱንም የዝናቡንም ደኅንነት ከጠየቁ በኋላ ከኮታቸው ኪስ አንድ ደብዳቤ አውጥተው ለቶሎሳ ሰጡት።

«አንብብልኝ» አሉት። «ቀድሞም ተነቦልኛል። አንተ ደግሞ አንብበውና ይህ ልጅም ይስማ።»

ደብዳቤው ድሬዳዋ ካለችው ከልጃቸው ከሶሬቲ ነው። ታሪኳን ዲጋ የማያውቅ የለም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለኦቦ ዲንሳ ልጅ ታጭታ፣ ሽማግሌዎች ቃል ተቀብለው፣ ድግሱ ተደግሶ ሳለ፣ ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር ሄደች። አባቷ አፈሩ፣ ዲንሳ ተቀየሙ፣ በመካከል የነበሩት ሽማግሌዎችም ቃላቸው መሬት ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ስሟ በሰው ፊት አይነሣም ነበር። ቶሎሳ ሲያነብ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ፤ ደብዳቤው አባቷን «አቦ» እያለ እንዲህ ይላል።

«አቦ፣ ሳልመረቅ ከቤትህ ወጥቻለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህ ነገር ከልቤ አልወጣም። ሁለት ልጆች ወልጃለሁ፣ አላየሃቸውም። አንተ ብትመርቀኝ፣ የዲጋም ሰው ይቅር ቢለኝ፣ ለመስቀል ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ። ሰዉ ይቅር ካላለኝ ግን እነርሱን ይዤ በዚያ ደጅ ማለፍ አልችልም።»

ኦቦ ገለታ ደብዳቤውን ተቀብለው በጥንቃቄ አጠፉት። «ድሬዳዋ ለመድረስ ጉልበቱ የለኝም» አሉ። «ድምፅ ግን በዚህ ነገር ይሄዳል አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኋቸው፣ መሣሪያውን እኔ የፈጠርሁት ይመስል። በሶሬቲ ሰፈር ካለው ቤተ ክርስቲያን የእኛን ቴፕ የሚያጫውቱበት መሣሪያ እንደነበረ አውቃለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ አንድ ሰባኪ ከነቀምቴ ወደ ድሬዳዋ ይጓዛል። ቴፑን ለእርሱ እንሰጠዋለን፤ እርሷም ተጠርታ የአባቷን ምርቃት ትሰማለች። ነገሩ ከዚህ በላይ አልነበረም።

ለማያውቅ ሰው ልንገረው። በዚያ አገር ምርቃት «ኤባ» ይባላል። ሽማግሌው አንድ ቃል ይመርቃል፤ የተሰበሰበው ሰው በአንድ ድምፅ «ሃ ታኡ» ይላል፣ ይሁን ማለት ነው። ሽማግሌው ይቀጥላል፣ ሰዉም ይመልሳል። እኔም ነቀምቴ ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንሁ ስንት ሠርግ ላይ፣ ሥጋው ቶሎ እንዲቀርብ እያልሁ፣ ከሁሉ በላይ ጮኼ «ሃ ታኡ» ብያለሁ። ይህን የምላችሁ አላውቅም ነበር እንዳልላችሁ ነው።

በቀጠሮው ቀን ኦቦ ገለታ ዐሥራ አንድ ሰው አስከትለው መጡ። ወንዶችም ሴቶችም አሉበት፤ ብዙዎቹ ከዲጋ በእግራቸው ነው የመጡት። ከመካከላቸው አንድ ደረተ ሰፊ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሽማግሌ ነበሩ። ቶሎሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እኒያ ኦቦ ዲንሳ ናቸው» አለኝ። «የቀረችበት ልጅ አባት። ከኦቦ ገለታ ጋር ዘጠኝ ዓመት አንድ ቤት አልገቡም። ትናንት ሽማግሌ ተልኮባቸው ነው እሺ ያሉት።» እኔ ግን ሐሳቤ ሣጥኑ ላይ ስለነበረ «ይቀመጡ» ብዬ ብቻ አለፍሁ።

ቴፑን አስነሣሁና ከፈረንጁ ወንበር ላይ ሆኜ መርፌዋን ማየት ጀመርሁ። ማንም ሳይናገር በስተቀኝ ጫፍ ቆማለች። ኦቦ ገለታ መናገር ሲጀምሩ ወደ ግራ ፈቀቅ አለች። ሰዎቹ «ሃ ታኡ» ሲሉ ጭራሽ ግራው ጫፍ ድረስ ሮጠች፤ ዝም ሲሉ ቀስ ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። በሰባቱ ደብተሮቼ ውስጥ መርፌ ሁሉ ጉልበት ሲያገኝ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። ይህቺ ግን ሰው በጮኸ ቁጥር ወደ ኋላ ትሸሻለች። ተገልብጣ ተገጥማለች ማለት ነው፣ ፈረንጁም ዓመት ሙሉ ሳያውቅ ኖሯል ማለት ነው አልሁ በልቤ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስም ብሎኝ ነበር።

ምርቃቱ ሲያልቅ ቴፑን አቆምሁና «መሣሪያው ተበላሽቷል፣ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ» አልኋቸው።

ቶሎሳ «እስኪ መጀመሪያ የተቀዳውን እንስማው» አለኝ።

«መርፌው ተገልብጦ ምን ልትሰማ ነው?»

«እኔ የምሰማው በጆሮዬ ነው፣ በመርፌ አይደለም» አለ። ከልክ ያለፈ ንግግር መስሎኝ ተቀየምሁት። ሰዎቹ ግን አንድም ሳያጉረመርሙ ተነሡ፤ ኦቦ ገለታም «ፈረንጅ የሠራው ነገር እንዲህ ነው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል» ብለው አጽናኑኝ።

በማግሥቱ ሣጥኑን ከፈትሁት። ውስጡ አምፖሎችና ሽቦዎች ሞልተውበታል፤ እንደ ድመት አንጀት ተጠላልፏል። ከመርፌዋ ጀርባ የሚወጡትን ሁለት ሽቦዎች ነቅዬ ቦታቸውን አቀያየርሁ። ሣጥኑን ሳስነሣው መርፌዋ በቀኝ በኩል ካለው ማቆሚያ ጋር በኃይል ተጋጨችና ጎበጠች። ሽቦዎቹን ወደ ቦታቸው መለስሁ። የጎበጠችውንም መርፌ ከግቢው ክሊኒክ በተዋስሁት ወረንጦ ስመልስ ዋልሁ፤ ዛሬም ድረስ ቀና ብላ አልቆመችም። ቀጥሎ አምፖሎቹን አንድ በአንድ እየነቀልሁ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኋቸው። ለምን እንደጠረግኋቸው አትጠይቁኝ። ሠራተኛ የሆነ ሰው አንድ ነገር መጥረግ አለበት።

ጠርጌ ገጥሜ ሳስነሣው አዲስ ነገር መጣ። «እምምም» የሚል፣ ንብ ከቀፎ የወጣ የሚመስል ድምፅ። በጆሮ ማዳመጫው ስሰማው ጥርሴን ያንቀጠቅጠኛል። ለዚህ መድኃኒቱን አምስተኛው ደብተር ላይ አንብቤዋለሁ፤ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ሲያጣ እንዲህ ያጉረመርማል፣ ስለዚህ ብረት መሬት ውስጥ ይቀበርለታል፣ መሬቱም ጨው ባለው ውኃ ይረጥባል። አንድ ዘንግ ብረት ፈልጌ ከክፍሏ መስኮት ሥር ቀበርሁና ሽቦ አሰርሁበት። ድምፁ አልጠፋም። ጨው ጨመርሁ። አልጠፋም። ሌላ ብረት ቀበርሁ፣ ሌላ ጨው ጨመርሁ። ለካ ከመስኮቱ ሥር የነበረው የፈረንጁ ሚስት ከአገሯ ያስመጣችው ጽጌረዳ ኖሯል። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉን አራገፈ፤ ግቢውን የሚጠብቁት ሽማግሌ ባለፍሁ ቁጥር አንገታቸውን እየነቀነቁ «አንተ ልጅ፣ ይሄ የማን እርግማን ነው?» ይሉኝ ነበር።

አራተኛው ቀን ላይ ቶሎሳ ከጠረጴዛው ሥር እርሳሱን ሊያነሣ ጎንበስ አለና አንዲት አጭር ጥቁር ሽቦ ይዞ ተነሣ። «ይህቺስ የማን ናት?» አለኝ። የሣጥኑ ናት። አምፖሎቹን ስጠርግ የነቀልኋት ትሆናለች። ቦታዋ ስትገባ ያ ሁሉ ጉርምርምታ ወዲያው ጠፋ። ቶሎሳ አልሳቀብኝም፣ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ድምፁን የምሞክረው በየትኛው ክር ላይ መሰላችሁ? ኦቦ ገለታ በመጀመሪያው ቀን የተናገሩበት ላይ። ሳላዳምጠው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልሁ ከዳር እስከ ዳር ደመሰስሁት። ያ ቅጂ አንዳችም ነገር እንዳልጎደለው የገባኝ ኋላ ነው።

ሳምንቱ ሞላና ዐሥራ አንዱ ሰዎች ተመለሱ። ሰባኪው በማግሥቱ ጧት ሊጓዝ ነው፤ ከእርሱ በኋላ ክረምቱ ይገባል፣ መንገዱም ይቆረጣል። ኦቦ ገለታ የጸዳ ጋቢ ለብሰዋል። ምርቃቱን ጀመሩ። መርፌዋ አሁንም፣ በእኔ እጅ ከጎበጠች በኋላም፣ ወደ ኋላ ትሄዳለች። በዚህ ጊዜ ግን ቶሎሳን ፈራሁና የተቀዳውን ከፍተን ሰማነው።

ድምፁ ይሰማል። ነገር ግን ሰዎቹ «ሃ ታኡ» ካሉ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣው የኦቦ ገለታ ቃል ትንሽ ዝቅ ይልና መልሶ ቀስ እያለ ይነሣል። በተለይ ኦቦ ዲንሳ ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ እርሳቸው በመለሱ ቁጥር መርፌዋ ተንደርድራ ትወድቃለች። ዛሬ ሳስበው ምንም አልነበረም። ሶሬቲ አንድ ቃል አታጣም ነበር። እኔ ግን የማዳምጠው እንደ ሶሬቲ ሆኜ አልነበረም። የበሽታውን ምንጭ ደረስሁበት ብዬ ተነሣሁ፤ ሣጥኑን የሚያስጨንቀው የሰዎቹ መልስ ነው።

መጀመሪያ «ከበር ውጭ ሆነው ይመልሱ» አልሁ። ወጡ። ከውጭ ሲመልሱ ደግሞ በሩ ስለተዘጋ ኦቦ ገለታ ያሉት አይሰማቸውም፤ ገና ሳይጨርሱ «ሃ ታኡ» ይላሉ፣ ወይም ከጨረሱ በኋላ ዘግይተው ይላሉ፣ ዶሮም ጣልቃ ይገባል። መልሼ አስገባኋቸውና «አፋችሁን በጋቢ ሸፍናችሁ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ» አልሁ። ዐሥራ አንድ የተከበሩ ሰዎች አፋቸውን ሸፍነው ሲያንሾካሹኩ የሆነ ምሥጢር የሚዶልቱ ይመስሉ ነበር። አንዲት ሴትዮ ሳቃቸው አመለጣቸው፣ የእርሳቸው ሳቅ ሌላውን አሳቀ። ኦቦ ገለታም ሳቁ። ኦቦ ዲንሳ ብቻ አልሳቁም፤ አፋቸውንም አልሸፈኑም።

ኦቦ ዲንሳ «እኔ የመጣሁት ድምፄን ልደብቅ አይደለም» አሉ በዝግታ። ቃሉን ሰምቻለሁ። የሰማሁት ግን እንደ እልከኝነት ነው።

«እንግዲያው ኦቦ ገለታ ብቻቸውን ይናገሩ፣ ሌሎቻችሁ ዝም በሉ» አልሁ።

ቶሎሳ በኦሮምኛ ሊነግራቸው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። «ይህን በምን አፌ እላቸዋለሁ?» አለኝ።

ኦቦ ገለታ ግን አማርኛ ይሰማሉ። «ኤባ ያለ መላሽ ይባላል እንዴ፣ ኢልማ ኮ?» አሉኝ። ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። ቁጣ የለበትም፤ አንድ የማያውቁት ሕግ ካለ ለመማር የሚጠይቁ ይመስላሉ።

እኔ ምን ብመልስ ጥሩ ነው? «ለሰው ፊት ለፊት ሲሆን መላሽ ያስፈልጋል፤ በመሣሪያ ሲሆን ግን አያስፈልግም» አልኋቸው። ይህን ከየት እንዳመጣሁት እግዚአብሔር ይወቀው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ፤ እኔ ጠምጥሜ፣ ለሽማግሌ ኤባ አስተማርሁ።

ኦቦ ገለታ ሰዎቹን አዩ። ቀጥለው ሣጥኑን አዩ። «ነገ መንገደኛው ይሄዳል» አሉ። «አዋቂው እርሱ ነው። ዝም በሉ ወገኖቼ።»

መረቋት። ለልጆቿ መረቁ፣ ለማያውቁት ለባሏ መረቁ፣ የሄደችበት አገር እንዲቀናት፣ የመጣችበት ደጅ እንዳይዘጋባት መረቁ። ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ በልማድ ዝም ይላሉ፣ መልስ ይጠብቃሉ። መልስ የለም። የሰዎቹ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ኦቦ ዲንሳ ሁለት እጃቸውን በምርቃት ደንብ ዘርግተው፣ አፋቸውን ግጥም አድርገው ተቀምጠዋል። እኔስ ምን እሠራ ነበር? መርፌዋን አይ ነበር። በቀኝ ጫፍ አካባቢ ረጋ ብላ፣ እምብዛም ሳትነቃነቅ ጨረሰች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ቴፕ ቀድቼ አላውቅም።

ቴፑ በማግሥቱ ሄደ። ሐምሌ ላይ ፈረንጁ ተመለሰ። መጀመሪያ ጽጌረዳውን አየ፣ ቀጥሎ የጎበጠችውን መርፌ አየ። ብልሽቱን በኩራት አስረዳሁት፤ ቶሎሳ ወደ እንግሊዝኛ መለሰልኝ። ፈረንጁ ሰማኝና ለቶሎሳ ጥቂት ነገር ነገረው። ቶሎሳም ወደ እኔ ሳያይ ተረጎመው። ሣጥኑ ሥራው ሁለት ነው አለ። ደካማውን ድምፅ ያጠነክራል፤ ሲበረታ ደግሞ ቴፑን እንዳያበላሽ ወደ ታች ይጫነዋል። መርፌዋ የምታሳየው የድምፁን ብርታት አይደለም፣ ምን ያህል እንደተጫነ ነው። ስለዚህ ሰው ሲጮህ ወደ ኋላ መሄድ ሥራዋ ነው። መጫኑ ካልተፈለገ ደግሞ ከሣጥኑ ጀርባ ማጥፊያ አለችው። ፈረንጁ እጁን ወደ ኋላ ሰደደና በአንድ ጣቱ ቀጭ አደረጋት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እኔ እንኳ አልጮህሁም። ቶሎሳ «ዛሬውኑ ዲጋ እንሂድና እንንገራቸው፣ እንደገና ይቀዳ» አለኝ። «ዝናቡ ይቁም» አልሁት። መንገዱ ጭቃ ነው፣ መንገደኛም የለም፣ ለማን ይላካል አልሁት። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ምክንያቴ እርሱ አልነበረም። «አዋቂው እርሱ ነው» ባሉት ሽማግሌ ፊት ቆሜ «አላውቅም ነበር» ለማለት አፈርሁ። ስንት ክረምት አልፏል፣ ያቺ እፍረት ዛሬም ፊቴን ታቃጥለዋለች። ከምርቃቱ ይልቅ የቆጨኝ እርሷ ናት።

መስቀል ደረሰ፣ ሶሬቲ አልመጣችም። ኦቦ ገለታ አውቶቡስ በሚገባበት ቀን ሁሉ ነቀምቴ ይመጡና ተሳፋሪው ወርዶ እስኪያልቅ ቆመው ይመለሱ ነበር። አንድ ቀን ወደ ክፍላችን ጎራ አሉ።

«ድምፄ ደርሶላት ይሆን?» አሉኝ።

«ደርሷል፣ ሰባኪው ራሱ እንዳሰማት ጽፏል» አልኋቸው።

«ጥርት ብሎ?»

«በጣም ጥርት ብሎ።»

«ገለቶሚ» አሉና አመስግነውኝ ሄዱ። ቶሎሳ ከጠረጴዛው ማዶ ያየኝ ነበር። በኅዳር ኦቦ ገለታ ታመው ሳምንት ሳይሞላቸው ዐረፉ። ለቀብር ዲጋ ስሄድ መቃብሩ ዳር ኦቦ ዲንሳ ከሟቹ ዘመዶች እኩል ቆመው ሲያለቅሱ አየሁ።

ሶሬቲ ቴሌግራሙ ዘግይቶ ደርሷት ከቀብሩ በኋላ መጣች። ለቅሶ ላይ ከተቀመጠች በኋላ፣ ወደ ድሬዳዋ ልትመለስ በነበረችበት ቀን ጥቁር ነጠላዋን እንደለበሰች ወደ ክፍላችን መጣች። እንደ አባቷ ረጅም ናት። ቶሎሳን ሳመችው፤ ለእኔም እጅ ነሣችና ቆመች።

«የአቦን ድምፅ የቀዱት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ያን ቀን ብቻውን ነበር የመጣው?»

«የለም። ዐሥራ አንድ ሰው አብሯቸው ነበር። ኦቦ ዲንሳም ነበሩ።»

ተቀመጪ ሳይሏት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ዲንሳ እዚህ ነበር?» አለች። «እኔ ሰዎቹ እንዳሉ ገባኝ። ጋቢ ሲንቀሳቀስ ይሰማል፣ አንዱ ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማል። አቦ ይመርቅና ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፤ ማንም አይመልስለትም። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ዲጋ አባቴን ከፊቱ ቆሞ እንቢ ያለው መሰለኝ። ለልጆቹ ልብስ ገዝቼ ነበር፣ ቲኬትም ቆርጬ ነበር። ተውሁት።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ለምን ዝም አሉ?»

«ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ» አልኋት።

«ለምን?»

ስለ ሣጥኑ ነገርኋት። ስለ መርፌዋ፣ ወደ ኋላ ስለመሄዷ፣ ስለ ሽቦዋ፣ ከጀርባ ስላለችው ማጥፊያ፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኋት። ይቅር በዪኝም አልኋት። ስጨርስ ሣጥኑን በዓይኗ ፈለገችና አገኘችው።

«አሁን ይሠራል?» አለችኝ።

«ይሠራል» አልኋት። «ያን ቀንም ይሠራ ነበር።»